የሕግ ትምህርት ቤት ቅበላ፣ የፈተና ድግግሞሽና የተማሪ ዕዳ፤ በአንድ መጽሐፍና በአንድ ጥናት ላይ የቀረበ ሒስ

በዩናይትድ ስቴትስ ሕግ ለመማር የሚያመለክት ወጣት ሦስት ቁጥሮችን በአንድ ሚዛን ላይ ለማስቀመጥ ይገደዳል። አንደኛው በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱ ያገኘው አማካይ ውጤት ነው፤ ይህን ከእንግዲህ ሊለውጠው አይችልም። ሁለተኛው ኤል-ሳት በተባለው የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ያስመዘገበው ነጥብ ነው፤ ይህን እንደገና በመፈተን ሊያሻሽለው ይችል ይሆናል። ሦስተኛው ትምህርቱን ለመፈጸም የሚበደረው ገንዘብ ነው፤ ይህኛው ከመግባቱ በፊት ግምት ብቻ ሲሆን፣ ከተመረቀ በኋላ ግን በየወሩ የሚከፈል ዕዳ ነው። ስለ ቅበላ የሚጻፉት መምሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ ቁጥሮች ላይ ይቆሙና በዚህ ነጥብ ወደዚህ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል ይህን ያህል ነው የሚል ሠንጠረዥ ያቀርባሉ። ሦስተኛው ቁጥር የሚነሣው፣ ከተነሣም፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው።

ሦስቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ለማየት ከሞከሩት ሥራዎች ሁለቱ ሰፊ ክርክር አስነሥተዋል። አንደኛው ፕሮፌሰር ብራያን ታማናሃ በ2012 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አማካይነት ያሳተሙት፣ ርእሱ «በመውደቅ ላይ ያሉ የሕግ ትምህርት ቤቶች» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለው መጽሐፍ ነው። ሌላው ማይክል ሲምኮቪችና ፍራንክ ማኪንታየር በ2014 ያሳተሙት፣ የሕግ ዲግሪ ያለውን የኢኮኖሚ ዋጋ የሚተምን ጥናት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ የሕግ ትምህርት ለብዙዎች ኪሳራ ሆኗል ሲል ያስጠነቅቃል፤ ጥናቱ ደግሞ ዲግሪው ለአብዛኞቹ ከዋጋው እጅግ የላቀ ጥቅም ይሰጣል ይላል። ሁለቱም በቁጥር የተደገፉ ናቸው። ታዲያ አንድ መምህር የቀድሞ ተማሪው ምክር ቢጠይቀው ከሁለቱ የትኛውን ሊይዝ ይገባዋል? ይህን ለመመለስ በመጀመሪያ ቁጥሮቹ ከየት እንደሚመነጩ መመርመር ያስፈልጋል፤ መነሻውም ፈተናው ነው።

ኤል-ሳት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1948 ነው። በአሁኑ ጊዜ ነጥቡ ከ120 እስከ 180 ባለው መለኪያ ይገለጻል። ለብዙ ዓመታት ተፈታኞችን ሲያስጨንቅ የኖረው የምክንያታዊ እንቆቅልሽ ክፍል ከኦገስት 2024 ጀምሮ ከፈተናው ወጥቷል፤ የቀሩት አንብቦ መረዳትና ክርክርን መመዘን ናቸው። አንድ ሰው በአምስት ዓመቱ የነጥብ ዘመን ውስጥ እስከ 5 ጊዜ፣ በዕድሜው በጠቅላላ ደግሞ እስከ 7 ጊዜ ድረስ መፈተን ይችላል። እስከ 2017 ድረስ ገደቡ በሁለት ዓመት ውስጥ 3 ጊዜ ብቻ ነበር።

ከእነዚህ ደንቦች ሁሉ ይልቅ የተፈታኙን ጠባይ የለወጠው ግን በ2006 የተደረገው አንድ ለውጥ ነው። ከዚያ በፊት የሕግ ትምህርት ቤቶችን የሚያውቀው የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር፣ አንድ ተማሪ ደጋግሞ ተፈትኖ ከሆነ የነጥቦቹ አማካይ እንዲመዘገብለት ይጠይቅ ነበር። ከ2006 ወዲህ የሚመዘገበው ከፍተኛው ነጥብ ነው። ለውጡ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ይምሰል እንጂ ውጤቱ ሰፊ ነበር። አማካይ በሚያዝበት ጊዜ እንደገና መፈተን አደጋም ተስፋም ነበረው፤ ከፍተኛው በሚያዝበት ጊዜ ግን አደጋው ከሞላ ጐደል ጠፍቶ ተስፋው ብቻ ቀረ። በርግጥ ትምህርት ቤቶቹ የተማሪውን ነጥቦች ሁሉ ያያሉ። ነገር ግን የሚያዩት ሌላ፣ የሚያስመዘግቡት ሌላ ነው፤ የሚያስቡለትም በይበልጥ የሚያስመዘግቡትን ነው።

የሚያስመዘግቡት ደግሞ የገቢ ተማሪዎቻቸውን መካከለኛ ነጥብ፣ ማለትም ክፍሉን ለሁለት እኩል የሚከፍለውን ነጥብ ነው። ዩ.ኤስ. ኒውስ የተባለው መጽሔት በየዓመቱ በሚያወጣው የትምህርት ቤቶች ደረጃ ይህ ቁጥር ረጅም ዘመን ከፍተኛ ክብደት ሲሰጠው ኖሯል። በ2022 መጨረሻ የዬልና የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤቶች ከደረጃው አሠራር ጋር መተባበር ካቆሙ በኋላ መጽሔቱ ክብደቱን ቀንሶታል፤ ቁጥሩን ግን አልተወውም። የመካከለኛ ነጥብ ጠባይ እንግዳ ነው። የትምህርት ቤቱ መካከለኛ ነጥብ 160 ቢሆን፣ 161 ያመጣ አመልካች ቁጥሩን ወደ ላይ ይደግፋል። 159 ያመጣው ግን ከቁጥሩ አንጻር ሲታይ 149 ካመጣው ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም ከመስመሩ በታች ናቸው። ስለዚህ የመግባት ዕድል በየነጥቡ ቀስ በቀስ የሚጨምር ዳገት ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ያለው መሰላል ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በዚህ መሰላል ላይ እስከ ማጭበርበር ደርሰዋል፤ የቪላኖቫና የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የተዛባ የቅበላ መረጃ ሲያቀርቡ እንደነበር በ2011 ይፋ ሆኗል።

የዕድል ሠንጠረዥ ሌላም ጉድለት አለበት፤ የወረፋውን ርዝመት አያሳይም። በ2010 የመጀመሪያ ዓመት የሕግ ተማሪዎች ቁጥር ከ52 ሺህ በላይ ነበር፤ በ2013 ከ40 ሺህ በታች ወረደ። ትምህርት ቤቶቹ ግን ያው ነበሩ። በ2010 በር የተዘጋበት ነጥብ ከሦስት ዓመት በኋላ በርን ብቻ ሳይሆን የክፍያ ቅናሽንም ሊያስገኝ ቻለ። ባለፈው ዓመት መረጃ የተሠራ ሠንጠረዥ ይዞ የዘንድሮን ዕድል በመቶኛ መናገር፣ ያለፈውን ክረምት ዝናብ ለክቶ የዘንድሮውን አዝመራ እንደ መተመን ይቈጠራል።

ስለ ልኬት የሠለጠነ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሣል። የአንድ ነጥብ ልዩነት በእውነት የችሎታ ልዩነት ነውን? የፈተናው መደበኛ የልኬት ስሕተት ወደ 2.6 ነጥብ ይጠጋል። ፈታኙ ድርጅትም ከነጥቡ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች 3 ነጥብ ያህል የሚሰፋ ክልል ያሳውቃል። በሌላ አነጋገር 158 ያገኘ ሰው እውነተኛ ደረጃው ከ155 እስከ 161 ባለው ውስጥ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ የፈተናው ነውር አይደለም፤ ከታወቁት ፈተናዎች መካከል በአስተማማኝነቱ የሚመሰገን ነው። ነውሩ ያለው ይህን ክልል ረስቶ በአንድ ነጥብ መስመር በሚያሰምረው አሠራር ላይ ነው።

ስሕተቱ ከከፍተኛው ነጥብ ደንብ ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። እውነተኛ ደረጃው 155 የሆነና ምንም ተጨማሪ ዕውቀት የማያገኝ ተፈታኝ እናስብ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢፈተን የሚጠበቅለት 155 ነው። ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ከፍተኛው ቢያዝለት የሚጠበቀው 156.5 ያህል ይሆናል፤ ሦስት ጊዜ ቢፈተን 157.2፣ አምስት ጊዜ ቢፈተን 158 ያህል። ሦስቱ ነጥብ የተገኘው ከጥናት አይደለም፤ ዕጣውን ደጋግሞ በመጣል ብቻ የተገኘ ነው። በተግባር ለሁለተኛ ጊዜ የሚፈተኑ ሰዎች ነጥባቸው በአማካይ ከ2 እስከ 3 ከፍ ይላል። ከዚህ ውስጥ የትኛው ክፍል ከጥናት፣ የትኛው ከልምምድ፣ የትኛው መጀመሪያ ከመጥፎ ቀን በኋላ ወደ ራስ ደረጃ ከመመለስ እንደመጣ ከአንድ ተማሪ ነጥብ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ትምህርት ቤቱም ለመለየት ምክንያት የለውም፤ ለመካከለኛ ነጥቡ ሦስቱም አንድ ናቸውና።

እንግዲህ እንደገና መፈተን ይጠቅማል ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ ደንቡ እንዲህ እስካለ ድረስ፣ መልሱ አዎን ነው። ከባዱ ጥያቄ ማን እንደገና ሊፈተን ይችላል የሚለው ነው። የፈተናው ክፍያ በቅርብ ዓመታት ከ200 ዶላር በላይ ሆኗል፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተፈታኞች የሚደረግ የክፍያ ምሕረት ግን አለ። ስለሆነም ትልቁ ወጪ ክፍያው ሳይሆን ጊዜው ነው። ለሦስት ወር ሥራ ቀንሶ ማጥናት፣ ማመልከቻውን በአንድ ዓመት ማዘግየት፣ ወላጆችን «የዘንድሮው ቀርቷል» ብሎ ማሳመን ሁሉም ቤተ ሰብ የሚችለው ነገር አይደለም። በዋሺንግተን አካባቢ የሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ልጆችን ጨምሮ፣ ከቤተ ሰቡ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የገባው ወጣት ብዙ ጊዜ ቤተ ሰቡን በገንዘብ የሚደግፍም ነው፤ ለእርሱ የአንድ ዓመት መዘግየት የአንድ ዓመት ገቢ ብቻ ሳይሆን የሌሎችም ወጪ ነው። ደንቡ ለሁሉም እኩል ተጽፏል፤ የሚጠቀምበት ግን መጠበቅ የሚችለው ነው።

ወደ ታማናሃ መጽሐፍ ስንመለስ፣ ዋና ብርታቱ በዚህ ነጥብ ላይ ይታያል። ጸሐፊው የሕግ መምህር ብቻ ሳይሆኑ በአንድ የሕግ ትምህርት ቤት ተጠባባቂ ዲን ሆነው የሠሩ ስለሆነ፣ ገንዘቡ በየትኛው በር ገብቶ በየትኛው እንደሚወጣ ያውቁታል። ትምህርት ቤቶች ከፍተኛ ነጥብ ያላቸውን አመልካቾች ለመሳብ የክፍያ ቅናሽ ይሰጣሉ። ቅናሹ የሚመጣው ግን ከተቀማጭ ገንዘብ ሳይሆን በአብዛኛው ሙሉ ክፍያ ከሚከፍሉት ተማሪዎች ኪስ ነው። ሙሉ የሚከፍሉት ነጥባቸው ዝቅ ያለው፣ ስለዚህም ወደፊት ከፍተኛ ደመወዝ የማግኘት ተስፋቸው የጠበበው ናቸው። ከደካማው ተወስዶ ለብርቱው ይሰጣል ማለት ነው። ታማናሃ ይህን ያለ ምሕረት ያጋልጣሉ፤ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ደመወዝና የማስተማሪያ ሰዓት መቀነስም እንደ አንድ የዋጋ ንረት ምክንያት ሲጠቅሱ አያፍሩም። አንድ ሰው በገዛ ሙያው ላይ እንዲህ ያለ መዝገብ ሲከፍት ማየት በትምህርት ጽሑፎች መካከል ብርቅ ነው።

ከዚሁ ጋር በሁኔታ ላይ የተመሠረተው ቅናሽ ይነሣል። ትምህርት ቤቱ ለገቢው ተማሪ ቅናሽ ሲሰጥ በዓመቱ መጨረሻ የተወሰነ አማካይ ውጤት እንዲያመጣ ግዴታ ያስገባዋል። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ግን በግዴታ ሥርጭት የሚሰጥ ስለሆነ፣ ማለትም ስንት ተማሪ ኤ፣ ስንት ሲ እንደሚያገኝ አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ፣ ቅናሽ ከተሰጣቸው መካከል የተወሰኑት የቱንም ያህል ቢተጉ ቅናሹን ማጣታቸው አይቀርም። ከተማሪው ዓይን ሲታይ ቅናሹ ሽልማት ነው፤ ከሒሳብ ሹሙ ዓይን ሲታይ የሚመለስበት መጠን አስቀድሞ የተሰላ ብድር ነው። ዛሬ ትምህርት ቤቶች ቅናሽ ያጡትን ተማሪዎች ቁጥር እንዲያሳውቁ ግዴታ አለባቸው፤ ይህ መሻሻል ነው። ማስታወቂያውን የሚያነብ ሰው ግን የግዴታ ሥርጭት ምን እንደሆነ ካላወቀ ቁጥሩ አይናገረውም።

በአንጻሩ የሲምኮቪችና የማኪንታየር ጥናት ከበድ ያለ የስታትስቲክስ ሥራ ነው። ከመንግሥት የቤተ ሰብ ገቢ ጥናት በተወሰደ መረጃ የሕግ ዲግሪ ያላቸውን የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ካላቸው ጋር አነጻጽሮ፣ ዲግሪው በዕድሜ ልክ የሚጨምረው ገቢ ከግብር በፊት ተተምኖ በአማካይ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር፣ በመካከለኛው ላይ ላለው ሰው 610 ሺህ ያህል ነው ይላል። ከዚህ ጥናት የሚማሩት ዋና ነገር፣ የመጀመሪያውን ዓመት ደመወዝ ብቻ አይቶ ስለ አንድ ዲግሪ መፍረድ እንደማይገባ ነው። የጋዜጦቹ ሙሾ ይህን ረስቶት ነበር፤ ታማናሃም ቢሆኑ ከዚህ ወቀሳ ሙሉ በሙሉ ነጻ አይደሉም። መጽሐፋቸው የተጻፈው ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላ በጨለማው ሰዓት ስለሆነ፣ የዚያ ሰዓት ጥላ በየገጹ አለ።

ይሁንና ጥናቱ የመለሰው ጥያቄ አመልካቹ የጠየቀው አይደለም። መረጃው የሕግ ዲግሪ ያለውን ሰው ይለያል እንጂ ከየትኛው ትምህርት ቤት፣ በምን ያህል ዋጋ እንዳገኘው አይለይም። አመልካቹ ግን ሕግ ልማር ወይስ ልተው ብሎ ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፤ በዚህ ነጥብ፣ በዚህ ትምህርት ቤት፣ በዚህ ዋጋ፣ ዘንድሮ ልግባ ወይስ ዓመት ልጠብቅ ነው የሚለው። የአገሩ የዝናብ አማካይ ትክክል ስለሆነ ብቻ የአንዱ ወረዳ ገበሬ በእርሱ ተመርቶ አይዘራም።

አማካይ በተለይ በዚህ ሙያ ለምን እንደሚያሳስት የሚያስረዳ አንድ ማስረጃ አለ። የ2008 ተመራቂዎች ያሳወቁት የመጀመሪያ ደመወዝ በተሰበሰበ ጊዜ 42 በመቶ ያህሉ ከ40 ሺህ እስከ 65 ሺህ ዶላር፣ 23 በመቶ ያህሉ ደግሞ በትክክል 160 ሺህ ሆኖ ተገኘ። አማካዩ 92 ሺህ ነበር፤ በዚያ አካባቢ ግን የሚከፈለው ሰው ጥቂት ነው። ሥዕሉ ሁለት ጉብታ ያለው የግመል ጀርባ ነው፤ አማካዩ በጉብታዎቹ መካከል ባለው ሸለቆ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ወዲህ ትልቁ ጉብታ ወደ ቀኝ ርቋል፤ ታላላቆቹ የጥብቅና ድርጅቶች ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለጀማሪ 225 ሺህ ዶላር ይከፍላሉ። የመንግሥት ዐቃቤ ሕግና የድኾች ተከላካይ ጠበቃ ደመወዝ ግን በዚያው እርምጃ አልተራመደም። ወደ የትኛው ጉብታ እንደሚኬድ በአብዛኛው የሚወስነው የተማሩበት ትምህርት ቤትና የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ነው።

አሁን ሦስተኛውን ቁጥር በምሳሌ እንመልከት። ዓመታዊ ክፍያው 50 ሺህ፣ የኑሮው ወጪ 25 ሺህ ዶላር በሆነ ትምህርት ቤት ያለ ቅናሽ ሦስት ዓመት የተማረ ሰው 225 ሺህ ዶላር ይበደራል። ግማሽ ቅናሽ ያገኘ 150 ሺህ፣ ሙሉ ቅናሽ ያገኘ 75 ሺህ ይሆናል። ወለዱ 8 በመቶ፣ መክፈያው 10 ዓመት ቢሆን፣ በትምህርት ላይ ሳሉ የሚጠራቀመውን ወለድ እንኳ ትተን፣ የወር ክፍያው በቅደም ተከተል 2,730፣ 1,820 እና 910 ዶላር ነው። በዓመት 60 ሺህ ዶላር ለሚያገኝ ጀማሪ የወር ደመወዙ ከግብር በፊት 5 ሺህ ነው፤ የመጀመሪያው ዕዳ ከግማሽ በላይ ይወስድበታል። በ225 ሺህ ለተቀጠረው ግን የወር ደመወዙ 18,750 ስለሆነ ያው ዕዳ ሰባተኛ እጅ ያህል ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በመግቢያ ፈተና ላይ ምናልባት የጥቂት ነጥቦች ልዩነት ነበር፤ ከእነዚያም ጥቂቶቹ፣ ከላይ እንደታየው፣ የዕጣ ነጥቦች ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዚህ አንጻር እንደገና የመፈተን ዋናው ጥቅም የመግባት ዕድልን ማሳደጉ አይደለም። ዋጋን መለወጡ ነው። መካከለኛ ነጥቡ 157 በሆነ ትምህርት ቤት 154 ይዞ የተቀበሉት ሰው ሙሉ ዋጋ ይጠየቃል፤ በ159 ቢመለስ ያው ትምህርት ቤት ግማሹን ሊተውለት ይችላል። በምሳሌያችን ይህ 75 ሺህ ዶላር ነው። የቅበላ መምሪያዎች የ154ቱን ሰው ተቀባይነት እንደ ድል ይቈጥሩለታል።

ዕዳው እንዲህ ሊገዝፍ የቻለው ከ2006 ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የትምህርቱን ሙሉ ወጪ ያለ ሌላ ጣሪያ ማበደር በመጀመሩ ነው የሚለው የታማናሃ ክስ ጠንካራ ነው። አበዳሪው የማይጠይቅ፣ ተበዳሪው የማያመዛዝን፣ ሻጩ ዋጋ የሚተምን ሲሆን ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። መፍትሔያቸው ሁለት ነበር፤ ብድሩ ጣሪያ ይኑረው፣ ሦስት ዓመት የማይፈልግና ምርምር የማይጠይቅ ርካሽ የሕግ ትምህርት ቤት ይፈቀድ የሚል። የመጀመሪያው በሌሎች እጅ ተፈጽሟል። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ያን ብድር አስቀርቶ፣ ሕግን ለመሰሉ ሙያዎች በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላ 200 ሺህ ዶላር ጣሪያ ይጥላል።

መጽሐፉ ሲጻፍ ያልታየ አንድ ነገር እዚህ ላይ ይገለጣል። በምሳሌያችን ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው ተማሪ በሦስት ዓመት ከመንግሥት የሚያገኘው 150 ሺህ ብቻ ስለሚሆን 75 ሺህ ይጐድለዋል። ጉድለቱን ከግል ባንክ ካልተበደረ በስተቀር አይሞላውም፤ ባንኩ ደግሞ ዋስ ይጠይቃል። የመንግሥቱ ብድር ከነነውሩ ዋስ አይጠይቅም ነበር፤ ክፍያውን በገቢ መጠን የማድረግ፣ በሕዝብ አገልግሎት ለሠራም ከ120 ወርኃዊ ክፍያ በኋላ ቀሪውን የመማር መብት ነበረው። የግሉ ብድር ይህ የለውም። ትምህርት ቤቶች ዋጋቸውን ወደ ጣሪያው ካወረዱ ታማናሃ ተሳክቶላቸዋል፤ ካላወረዱ ግን ጣሪያው የሚያርፈው ዋስ በሌለው ተማሪ ራስ ላይ ነው። መጽሐፉ ዋጋውን በመቀነስና ተማሪውን በማስቀረት መካከል ያለውን ይህን ልዩነት በበቂ አልመረመረውም።

ሁለተኛው መፍትሔ የባሰ አጠራጣሪ ነው። ርካሽ ትምህርት ቤት ይፈቀድ የሚለው ሐሳብ በመርሕ ደረጃ ትክክል ቢመስልም፣ ቅበላው በዚያው በአንድ ነጥብ መሰላል የሚመራ ከሆነ ርካሹ ትምህርት ቤት መጠበቅ ያልቻሉት መከማቻ ይሆናል። የግመሉን ጀርባ በትምህርት ቤት ግንብ ማጽናት ነው። እዚህ ላይ የመጽሐፉ ዋና ጉድለት ይታያል። ታማናሃ የገንዘቡን መዝገብ እንደ ኦዲተር ይመረምራሉ፤ የነጥቡን መዝገብ ግን በአብዛኛው እንደቀረበላቸው ይቀበሉታል። የቁጥሮቹን መጭበርበር ያወግዛሉ እንጂ ያልተጭበረበረው ነጥብ ራሱ ምን እንደሚለካ ዋና ጉዳያቸው አላደረጉትም።

የሚለካው ደግሞ ይታወቃል፤ የመጀመሪያውን ዓመት የሕግ ትምህርት ውጤት በከፊል ይተነብያል። የሁለቱ ተዛምዶ በትምህርት ቤቶች መካከል ቢለያይም 0.4 አካባቢ ነው፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ ውጤት ጋር ሲጣመር ከፍ ይላል። በየትምህርት ቤቱ የሚገኙት ነጥባቸው ተቀራራቢ የሆኑ ተማሪዎች ብቻ ስለሆኑ እውነተኛው ተዛምዶ ከዚህ ከፍ ሊል እንደሚችል የልኬት ባለሙያዎች ያስረዳሉ። ይህ ለቅበላ ክፍል ጠቃሚ መረጃ ነው። ለ75 ሺህ ዶላር ልዩነት ግን በቂ መሠረት አይደለም፤ መልካም ጠበቃ ስለመሆን ደግሞ ከዚህም ያነሰ ይናገራል። በ2022 መጨረሻ የጠበቆቹ ማኅበር የትምህርት ምክር ቤት የመግቢያ ፈተናን ግዴታነት ለማንሣት ወስኖ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2023 የማኅበሩ ጉባኤ አልተቀበለውም። ተቃዋሚዎቹ ፈተናው ቢቀር የሚተካው የሰው ትውውቅና የታዋቂ ኮሌጅ ስም ይሆናል ብለው መከራከራቸው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ፈተናውን ማጥፋት አንድ ነገር ነው፤ የነጥቡን ክልል አክብሮ መጠቀም ሌላ ነው። በደንቡ ውስጥ የኋለኛው ገና አልተሞከረም።

ለዚህ መጽሔት አንባቢ ጉዳዩ ፈጽሞ ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባው የሕግ ፋኩልቲ በ1963 ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊ ነበሩ፤ የማስተማሪያው ዘዴም የዚያን አገር ፈለግ ይዞ ነበር። ሆኖም እዚህ ሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ስለሆነ የመግቢያውን በር የሚጠብቀው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2022 በተሰጠው ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑ ጊዜ፣ ከመስመሩ በታች ለቀሩት የማካካሻ ትምህርት መዘጋጀቱ ይታወሳል። ዕዳም ቢሆን አለ፤ ከ2003 ጀምሮ በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ተመራቂው የድርሻውን ከደመወዙ ይከፍላል። መጠኑ ከአሜሪካው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ አከፋፈሉም ከገቢ ጋር የተያያዘ መሆኑ የተሻለ ያደርገዋል። የሚመሳሰለው በነጥብ መስመር ላይ ያለው እምነት ነው። ከመቁረጫው አንድ ነጥብ ዝቅ ያለና አንድ ነጥብ ከፍ ያለ ተማሪ የተለያየ ዕጣ ሲደርሳቸው፣ የፈተናው የልኬት ስሕተት ስንት እንደሆነ ከውጤቱ ጋር ለመምህሩና ለወላጁ ቢገለጽ ምክሩ ይለወጥ ነበር። የግል ተፈታኝ ሆኖ በሚመለሰው ተማሪ ላይ የትኛው ነጥብ ይያዝ የሚለውም የአሠራር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታለፍ አይገባውም፤ የአሜሪካው የ2006 ውሳኔ ማን መጠበቅ እንደሚችል ሳይጠይቅ የተወሰነ ነበርና።

ሁለቱን ሥራዎች ለማንበብ ጊዜ ያለው መምህር ታማናሃን አስቀድሞ፣ ጥናቱን አስከትሎ ቢያነብ ይመረጣል። የመጽሐፉ ምዕራፎች የሕግ ባለሙያ ላልሆነም ግልጽ ናቸው። የጥናቱ ሠንጠረዦች ግን የስታትስቲክስ ትምህርት ይፈልጋሉ፤ በተለይ ከመካከለኛው በታች ያለው ሩብ የሚያገኘው ጥቅም የተተመነበት ክፍል ከአማካዩ ይልቅ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል፤ ምክር ፍለጋ የሚመጣው ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነውና።